የሥጋ ደዌን ክኒን የሚተካ መርፌ ወጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

የደቻቱ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ስለ አጎቴ ነው።

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቀፊራ አካባቢ አንድ ሲንጀር አለችው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። አሁን ከእኔና ከሁለት ልጆቼ ጋር ይኖራል። አምና አንድ ቀን ሱሪ ሲተኩስ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ካውያው ሥር ገባች። አልተሰማውም። የሚቃጠል ነገር ሸትቶት ጨርቁ መስሎት ካውያውን ሲያነሳ ነው ጣቱን ያየው። ያን ቀን ቤት መጥቶ ምንም አላወራም። ጣቱን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በፊት ክንዱ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነበረው። አንድ የግል ክሊኒክ ፈንገስ ነው ብሎ ስምንት ወር ቅባት ሲያስቀባው ከርሟል። በኋላ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሥጋ ደዌ መሆኑ ታወቀ። የ12 ወሩን መድኃኒት ጀምሮ አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል።

የቸገረኝ ክኒኑ ነው። እሽጉን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ ከክር ሳጥኑ ሥር ይደብቀዋል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ከመጣ ያን ቀን ሳይውጥ ያድራል። ፊቱም ጠቁሯል። ሰው «ምን ነካህ?» ሲለው «የድሬ ፀሐይ ነው» ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጄ ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየ። ለሥጋ ደዌ አንዴ ተወግተው ለወራት የሚቆይ መርፌ ተሠራ ይላል። ከዚያ ወዲህ «ክኒኑን ልተወውና መርፌውን ልጠብቅ» እያለ ያስቸግረኛል።

እውነት አለ ወይ? ካለስ የት ነው? የምታውቁ በእናታችሁ ንገሩኝ።

የታይዋን ነጋዴ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አብሽሪ እህቴ። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሰምቻለሁ። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያመጡ ልጆች አውቃለሁ። የመርፌውን ስም ላኪልኝና ላጠያይቅልሽ። ገንዘብ ካለ የማይገኝ ነገር የለም።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እባክህ እንዳታጠያይቅ።

የደቻቱ ልጅ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለሥጋ ደዌ ተፈትኖ የተፈቀደ እንዲህ ያለ መርፌ ዛሬ የለም። ድሬ የለም፣ አዲስ አበባ የለም፣ ውጭ አገርም የለም። ምርምር ላይ ያለ ነገር ግን አለ። ቪዲዮው የሚያወራው ስለዚያ ይሆናል። መርፌው እጄ ላይ አለ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ የሚወጋችሁ ሌላ ነገር ነው።

እኔ የቲቢና የሥጋ ደዌ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አጎትሽ የሚወስደውን አውቀዋለሁ። በወር አንዴ ሪፋምፒሲን 600 ሚሊግራም፣ ክሎፋዚሚን 300 እና ዳፕሶን 100። እነዚህን የሚውጠው እኛ ፊት ነው። በቀሩት 27 ቀናት ቤቱ ሆኖ በየቀኑ ዳፕሶን 100 እና ክሎፋዚሚን 50 ይውጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጥምር ሕክምና ለአገራት የመከረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከ1995 ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ነው የሚታደለው። ሰው ይድናል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ፊቱ የጠቆረው ከክሎፋዚሚኑ ነው። ሕክምናው ሲያልቅ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል። የወሩን መድኃኒት በዋጠ ቀን ሽንቱ ቀይ ከሆነ ሪፋምፒሲኑ ነው። ደም መስሎት እንዳይደነግጥ።

ባክቴሪያው በጣም ዘገምተኛ ነው። አንዱ ሁለት እስኪሆን ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ዓመት ያልፋል፣ ሃያ ዓመትም የሚቆይ አለ። እንዲህ ያለ በሽታ ላይ ሁለት ወር ጥሩ ውጦ መተው ለእሱ ትንፋሽ መስጠት ነው።

አሁን እኔ የምጠይቅሽ ግን ሌላ ነው። ባለፉት ሳምንታት እጁ ላይ አዲስ ድካም አለ? መቀስ ሲይዝ ይወድቅበታል? ክንዱን ክርኑ አካባቢ ያመዋል?

ፋርማሲስቱ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ሲስተር ያለችው ትክክል ነው። እኔ ስለ መርፌው ልጻፍ፣ ምክንያቱም ወሬው ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አይደለም።

ለረጅም ጊዜ የሚሠራ መርፌ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የወሊድ መቆጣጠሪያውን መርፌ ዴፖን ሁሉም ሴት ታውቃለች፣ አንዴ ተወግታ ሦስት ወር ትቆያለች። ለልብ ሕመም በየወሩ የሚወጉት ፔኒሲሊንም አለ። ለኤችአይቪ ደግሞ በየሁለት ወሩ የሚወጉት ካቦቴግራቪር፣ በየስድስት ወሩ የሚወጉት ሌናካፓቪር መጥቷል። አሠራሩ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ በቀላሉ እንዳይሟሟ ተደርጎ በጣም ደቃቅ ቅንጣት ይሆናል። ጡንቻ ውስጥ ወይም ቆዳ ሥር ሲወጋ እዚያው ይከማቻል። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ወደ ደም ይገባል። ጎተራ ሞልቶ በየቀኑ ከእሱ እየቀነሱ እንደመብላት በሉት።

ለሥጋ ደዌ የሚታሰበው መድኃኒት ቤዳኩዊሊን ይባላል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በክኒን የሚሰጠው ነው። በተፈጥሮው ሰውነት ውስጥ ብዙ ይቆያል፣ ከደም ወጥቶ እስኪያልቅ ወራት ይወስዳል። ብራዚል ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ያለባቸው ዘጠኝ ሕሙማን ይህን ክኒን ብቻውን ለስምንት ሳምንት ወሰዱ። ከዚያ ወደ መደበኛው ጥምር ሕክምና ገቡ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። ስለዚህ ከቆዳቸው የተወሰደው ናሙና የአይጥ መዳፍ ውስጥ እየተከተተ ታየ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ የአንዳቸውም አላደገም። ውጤቱ በ2024 ነው የታተመው። በጣም ደስ የሚል ዜና ነው።

ያ ግን ክኒን ነው። የመርፌው ቤዳኩዊሊን በሥጋ ደዌ ላይ የተሞከረው አይጥ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ተወግቶ ባክቴሪያውን እንደሚቀንስ ታይቷል። ከአይጥ መዳፍ እስከ አጎትሽ ክንድ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በዚያ ላይ መርፌው መጀመሪያ ይጠቅማል ተብሎ የሚታሰበው ለታመመ ሰው ሳይሆን አብሮት ለሚኖር ጤነኛ ቤተሰብ ነው፣ እንዳይዘው ለመከላከል። ኮሞሮስ ደሴቶች ውስጥ ለታማሚ ቤተሰብና ጎረቤት ሪፋምፒሲንን ከቤዳኩዊሊን ክኒን ጋር አንዴ በመስጠት የሚደረግ ሙከራ አለ።

ሦስት የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። ክኒን ካልተስማማ ታቆመዋለህ። ዳፕሶን ቆዳን የሚልጥና ጉበት የሚነካ አለርጂ ያመጣበት ሰው አይቻለሁ። ያን ቀን ክኒኑ ቆመና ሰውየው ተረፈ። የተወጋ ነገር ግን ተመልሶ አይወጣም። ሁለተኛው፣ መርፌው ሊያልቅ ሲል ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጥቂት መድኃኒት ይቀራል። ያ ጥቂት ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል እንጂ። ሰውየው ሳይታወቅ ቲቢ ካለበት ደግሞ የቲቢው ባክቴሪያ ቤዳኩዊሊንን ይለምዳል። ቲቢ እንደኛ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛው፣ ሪፋምፒሲን ጉበትን እያፋጠነ ቤዳኩዊሊን በደም ውስጥ እንዲቀንስ ያደርጋል። ዋናውን መድኃኒት ከአዲሱ ጋር ለወራት ማጣመር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ይህን የምጽፈው መርፌውን ጠልቼ አይደለም። ይምጣ። ግን አጎትሽ እሱን እየጠበቀ ክኒኑን ከተወ መርፌው ሳይደርስ ጣቶቹ ይሄዳሉ።

የጁገል ሽማግሌ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:50

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነኝ። ልጄ ይህን ክር አሳየኝና እኔ እያወራሁ እሱ ይጽፍልኛል።

መርፌና ሥጋ ደዌ ዛሬ የተገናኙ አይምሰላችሁ። እኛ ሐረር ይህን በሽታ ከሌላው አገር ቀድመን ነው በወግ ማከም የጀመርነው። ራስ መኮንን ሐረርን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1901፣ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚስዮናውያን ከከተማው ወጣ ብሎ ለሕሙማኑ መኖሪያ አቋቋሙ። ቅዱስ አንጦንዮስ ይባላል። በኋላ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ቢስዲሞ ላይ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሠሩ።

በድሮው ዘመን በዓለም ሁሉ የነበረው መድኃኒት የቻልሙግራ ዘይት ነው። ከህንድ በኩል የመጣ የዛፍ ፍሬ ዘይት ነው። ሲጠጡት ያስመልሳል። ሲወጉት ወፍራም ስለሆነ አይሰራጭም፣ ቆዳ ሥር ተራራ ሠርቶ ይቀመጣል። ሃዋይ ውስጥ አሊስ ቦል የምትባል ወጣት ጥቁር ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ ዘይቱ ሰውነት ውስጥ እንዲሟሟ አድርጋ ለመርፌ አመቻቸችው። በ24 ዓመቷ ሞተች። ሥራዋን ለብዙ ጊዜ ሌላ ሰው በስሙ ይዞት ቆየ። ይህን ሳነብ በጣም አዝኛለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ ካርቪል በሚባል ቦታ ፕሮሚን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ተጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታውን በትክክል የመለሰው እሱ ነው። ግን በየቀኑ ነበር የሚወጋው። ቀጥሎ ዳፕሶን በክኒን መጣ። እኔ ሥራ ስጀምር ያገኘሁት ዳፕሶንን ብቻውን ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይውጠው ነበር። ከገጠር ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ሽማግሌ ነበረኝ። ከቀሚሱ ጫፍ የቋጠራትን ፈትቶ ባዶዋን የመድኃኒት ወረቀት ሲያሳየኝ «ጨርሻለሁ፣ ድኛለሁ?» ይለኛል። አልዳኑም የምለው እኔ ነኝ። በየጊዜው ያንኑ።

እናም ያኔም ሊቃውንቱ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ክኒን ይሰለቻል፣ መርፌ እንሥራለት።» አሴዳፕሶን የሚባል ሠሩ። ዳፕሶን ነው፣ ግን እንዳሁኑ ጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ የሚወጣ። 225 ሚሊግራም በየ77 ቀኑ፣ በዓመት አምስት መርፌ ብቻ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ካሪሙይ የሚባል ቦታ ሕሙማኑን በሙሉ በዚህ አከሙ። ሠርቷል፣ ሰዎቹም ወደዱት። ችግሩ ፋርማሲስቱ ልጃችን ያለው ነው። ደም ውስጥ የሚገባው በጣም ጥቂት ነበር፣ ያውም አንድ መድኃኒት ብቻውን። በዚያው ዘመን ባክቴሪያው ዳፕሶንን እየለመደ መጣ። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጭምር ታየ። አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም ተብሎ ሦስቱ የተጣመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለልጄ ለልብስ ሰፊው እንዲህ በሉልኝ። የእኔ ሽማግሌዎች ያላገኙትን ነው እሱ በካልሲ ጠቅልሎ የሚደብቀው። አሥራ ሁለት እሽግ ነው። አምስተኛው ላይ ደርሷል።

አንድ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ለምጽ አይደል? መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ ይላል። እህቴ ልጆች አሉሽ። ቢያንስ ሳህንና ብርጭቆውን ለዪ። በክፋት አይደለም የምናገረው።

ከቢስዲሞ ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

ወንድሜ፣ በክፋት እንዳልሆነ አምኜ ልመልስልህ።

እኔ ሥጋ ደዌ ይዞኝ የዳንኩ ሰው ነኝ። በ19 ዓመቴ ነው የጀመረኝ። መጽሐፉ ላይ ለምጽ የተባለው በአንድ ስም ብዙ የቆዳ ሕመም ነው። ዛሬ እኛ ለምጽ የምንለው ቆዳ ወተት መስሎ የሚነጣውን ነው። እሱ አይደነዝዝም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሥጋ ደዌ ምልክት ፈዘዝ ይላል እንጂ እንደዚያ አይነጣም። በጥጥ ሲነኩት ደግሞ አይሰማም። ሁለቱን በአንድ ስም ስንጠራ ለምጽ ያለበት በከንቱ ይገለላል፣ ሥጋ ደዌ ያለበት ደግሞ ይደበቃል።

በሽታው በሳህን አይተላለፍም። መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር፣ በትንፋሽ ነው። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢደርሰውም ሰውነቱ ያሸንፈዋል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፍ ያቆማል። የአጎቷ ሳህን ንጹሕ ነው።

እናቴ ሳህኔን ለይታ ነበር። ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን ነበር፣ ጠርዙ የተላጠ። ከዳንኩ በኋላም ለሦስት ዓመት በዚያው በላሁ። ሰፈር ውስጥ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚሉትን ተረት የሚያውቅ ሁሉ እኔ ፊት ተናግሮታል። የተረቱን ትርጉም የሚያስተውል የለም። ሰው ከገበታ እንዲባረር የሚያስተምር ተረት ነው። ልጆቼ ፊት ማንም እንዲናገረው አልፈቅድም።

ወደ መርፌው ልምጣ። ፋርማሲስቱና ጋሼ ያሉት ገብቶኛል። እኔ ግን መርፌው ቶሎ እንዲመጣ የምመኝ ሰው ነኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ክኒን ወሬ ነው። በየቀኑ ቤትህ ውስጥ የሚያወራ ነገር ነው። ሚስትህ ታገኘዋለች፣ ልጅ አውጥቶ ይጫወትበታል፣ አከራይ ያየዋል። እኔ ጫት ማሳ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኜ ክኒኑን የምውጠው ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ ነበር። ያለ ውሃ። በምራቄ። መርፌ ቢሆን አንድ ቀን ሄጄ ተወግቼ ተመልሼ ሰው እሆን ነበር። የሚታገለው ሰው ይህን ሲመኝ ሞኝ አይደለም። አጎትሽም ሞኝ አይደለም።

ግን ደግሞ አንድ ነገር አለ። እኔን ያተረፈኝ መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም። በየወሩ መድኃኒት ልወስድ ስሄድ አንዲት ነርስ እጄን ትይዘኝ ነበር። ጓንት ሳታደርግ። ክርኔን ዳስሳ ነርቩ ማበጡን ታያለች፣ ጣቶቼን ትፈትናለች። ያኔ እጄን የሚነካ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰባተኛው ወር ላይ እግሬ መዳከሙን ያወቀችው እሷ ናት። እኔ አላወቅኩም ነበር። ዛሬ ሳልጎተት የምሄደው በዚያ ነው። መርፌው መጥቶ በስድስት ወር አንዴ ብቻ ና ከተባለ፣ በመሃል እጄን የሚዳስሰው ማን ነው? ይህን መልሱልኝና መርፌውን እኔ ራሴ ቀድሜ እወጋለሁ።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:45

ይህን አንብቤ ትንሽ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ። የኔም ጭንቀት ይህ ነው።

ባክቴሪያው ሲሞት ችግሩ አያበቃም። ሰውነት የሞተውን ባክቴሪያ ሲዋጋ ነርቩን ያሳብጣል። ሪአክሽን የምንለው ነው። በሕክምናው መሃልም፣ ካለቀ በኋላም ይመጣል። ምልክቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ነርቩ ያማል። አንዳንዴ ግን ምንም ሳያም ዝም ብሎ እጅ ይደክማል። ያኔ እብጠቱን የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ቶሎ ከተጀመረ ነርቩ ሊመለስ ይችላል። ከስድስት ወር በታች የሆነ ድካም የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ለዚህ የሚሆን መርፌ አልተሠራም።

የደቻቱ ልጅ፣ ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ይህን አድርጊ። ዓይኑን ይጨፍን። በእስክሪብቶ ጫፍ መዳፉን በጣም ቀለል አድርገሽ ንኪው፣ ቆዳው ትንሽ ጎድጎድ እስኪል ብቻ። የተነካበትን በሌላው እጁ ጣት ያሳይሽ። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ወደ ውጭ ይግፋና አንቺ ወደ ውስጥ ግፊያት። ከቀኙ ጋር አወዳድሪ። ዓይኑንም እይ፣ ሲጨፍን ጥርቅም ይላል ወይ?

ልጆችሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ቆዳቸው በቀን ብርሃን ይታይ። ጤነኛ ከሆኑ አንዴ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የመያዝን ዕድል ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ቲቢ እንደሌለባቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው የሚሰጠው። ጤና ጣቢያው ውስጥ መኖሩን ጠይቂ።

የታይዋን ነጋዴ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30

ሲስተር፣ ማክሰኞ የጻፍኩትን ተዉት። ለማንም አልደወልኩም። እህቴ፣ ሌላ የምረዳው ነገር ካለ ባጃጅ አለኝ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ እኔ ላድርሳችሁ።

የደቻቱ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:15

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ።

ረቡዕ ማታ እስክሪብቶውን ይዤ ተቀመጥኩ። መዳፉን ከአውራ ጣቱ በኩል ስነካው ወዲያው ያሳየኛል። በትንሿ ጣት በኩል ስነካው ዝም። «ጀምሪ እንጂ» አለኝ። ጀምሬ ነበር። አራት ጊዜ ነክቼው ነበር። ዓይኑን ገልጦ እስክሪብቶው መዳፉ ላይ ሲያየው ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ትንሿ ጣቱን ስገፋት እንደ ሰም ታጠፈች። መቀሱ ይወድቅበት እንደሆነ ስጠይቀው ሦስት ሳምንት ሆኖታል አለ። ለእኔ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራለት አንድ ልጅ ቀጥሯል።

ሐሙስ በባጃጁ ሄድን። እግዜር ይስጥልኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝ። ጤና ጣቢያው ክርኑን ዳስሰው ነርቩ አብጧል አሉ። ደም፣ ስኳርና ሰገራ መርምረው፣ ሳልም ጠይቀው ፕሬድኒሶሎን ጀመሩለት። ለወራት ነው፣ በየጊዜው እየቀነሰ የሚሄድ። የጣቱ መደንዘዝ ዓመት ስላለፈው ላይመለስ ይችላል ብለውናል። ጉልበቱ ግን አዲስ ስለደከመ ተስፋ አለው። ክኒኑን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ አስጠንቅቀውታል። ልጆቼም ታይተዋል፣ ንጹሕ ናቸው። ሪፋምፒሲኑን ሰኞ ኑና ውሰዱ ተብለናል።

የጋሼን ጽሑፍ አነበብኩለት። ስለ ሽማግሌው ወረቀት ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። የቢስዲሞውን ወንድሜን ደግሞ «ሽንት ቤት ገብቶ በምራቁ» የሚለው ጋ ስደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው። እሽጉ አሁን ካልሲ ውስጥ አይደለም። ከእኔ ቡና ዕቃ ጎን ነው ያለው። ለጎረቤት አልተነገረም፣ እሱ ሲፈልግ ይናገራል።

ሲስተር፣ አንድ የረሳሁት ጥያቄ አለ። ፕሬድኒሶሎኑን ስንት ሰዓት ይዋጥ? እንቅልፍ አጥቷል።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:50

ጠዋት ቁርስ በልቶ፣ ሁሉንም በአንዴ። ማታ ከዋጠው እንቅልፍ ይነሳል። ጨው ይቀንስ። ጨጓራው ካቃጠለው፣ ውሃ ውሃ ካሰኘው ወይም ሽንት ከበዛበት ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ። በራሱ ፈቃድ በፍጹም እንዳያቆመው። ካውያውን ደግሞ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ፣ ማታ ማታ እጁን በብርሃን ይየው። በሁለት ሳምንት ጣቱን ድገሚና ገፍተሽ እይልኝ፣ እዚሁ ጻፊልኝ።